ሰውነት ከየት ይበላል?

አጎስቲኖ ሌቫንዚን ከማልታ ደሴት የመጣ ጠበቃ ነበር። በ1912 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሕር አቋርጦ ቦስተን ደረሰና ለሰሚው የሚከብድ ነገር ተዋዋለ፤ ለ31 ቀናት ከተጣራ ውሃ በስተቀር ምንም ላለመቅመስ። ዕድሜው 40 ገደማ፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ያህል ነበር። ወፍራም ሰው አልነበረም። ሰውነቱ ያጠራቀመው ስብ ጥቂት ስለሆነ ከቀናት በኋላ ከየት እያመጣ እንደሚኖር በእርግጠኝነት የሚናገር አልነበረም።

ይህን ለማወቅ የጓጓው ፍራንሲስ ቤኔዲክት የካርኔጊ ተቋም የሥነ ምግብ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበር። ቤኔዲክት ለግምት ቦታ የማይሰጥ፣ ሁሉን ካልለካ የማያርፍ ተመራማሪ ነበር። ሌቫንዚን ሌሊት የሚተኛው የሰውነቱን ሙቀት በሚለካ የታሸገ ክፍል ውስጥ ነበር። ሲነጋ ክብደቱ፣ የልብ ምቱና ትንፋሹ ይመዘገባል። ከሁሉ በላይ ግን ሽንቱ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትባክን ይጠበቅ ነበር።

ሽንቱ የተፈለገው በናይትሮጅን ምክንያት ነው። ስብና ስኳር ናይትሮጅን የላቸውም፤ ፕሮቲን ግን አለው። ሰውነት ፕሮቲን ባፈረሰ ቁጥር ናይትሮጅኑ በሽንት በኩል ይወጣል። እንግዲህ እህል ያልቀመሰ ሰው ሽንት ውስጥ ናይትሮጅን ከተገኘ ሰውየው የራሱን ሥጋ እየበላ ነው። አንድ ግራም ናይትሮጅን ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ጡንቻ መፍረሱን ይናገራል።

በአራተኛው ቀን ከሌቫንዚን ሽንት 12 ግራም የሚጠጋ ናይትሮጅን ወጣ። በጡንቻ ሲሰላ በአንድ ቀን ከ300 ግራም በላይ መሆኑ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ወሩ ሳያልቅ ሰውየው መቆም ሊያቅተው ይችል ነበር። ስቡ እየሳሳ ሲሄድ ፍርሰቱ ይብሳል ብሎ የገመተ ሰውም አይፈረድበትም። የሆነው ግን ተቃራኒው ነበር። ናይትሮጅኑ ከቀን ወደ ቀን ቀነሰ። በ31ኛው ቀን 7 ግራም ገደማ ደርሶ ነበር። ሌቫንዚን 13 ኪሎ ያህል ቀንሶ፣ በእግሩ ቆሞ ጾሙን ጨረሰ።

ቤኔዲክት በ1915 ሁሉንም በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመው። ሰንጠረዦቹ አንድ ነገር ይጮኹ ነበር፤ ሰውነት ከጥቂት ቀናት በኋላ ጡንቻውን መቆጠብ ይጀምራል። በምን ብልሃት እንደሚቆጥብ ግን መጽሐፉ አልመለሰም። መልሱ ከ50 ዓመት በላይ ጠብቋል።

በዚህ መሃል ጥያቄው ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ እግራቸው በተሰበረ ሰዎች አልጋ አጠገብ ብቅ አለ።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ከትበርትሰን በስኮትላንድ ግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ በሚባለው ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት ባዮኬሚስት ነበር። የሚመረምረው ስብራትን ነበር፤ የአንዳንዱ ሰው አጥንት ቶሎ ሲገጥም የሌላው ለምን ይዘገያል? አጥንት ከካልሲየምና ከፎስፈረስ የተሠራ ስለሆነ ፍለጋውን የጀመረው ከእነዚሁ ነበር። የታካሚዎቹን ምግብ መዘነ፣ ሽንታቸውን ሰበሰበ፣ የሚገባውንና የሚወጣውን አስተያየ። በሰንጠረዡ ላይ ከሁሉ ይልቅ ዓይኑን የያዘው ግን ካልሲየሙ አልነበረም።

ከታካሚዎቹ ሽንት ናይትሮጅን እየጎረፈ ነበር። ከናይትሮጅኑ ጋር ድኝና ፖታሲየም አብረው ይወጣሉ፤ የናይትሮጅኑና የድኙ መጠንም በጡንቻ ውስጥ ካለው ጋር ይቀራረብ ነበር። ፍሰቱ ወዲያው ከአደጋው ቀን አልጀመረም፤ ቀስ በቀስ ጨምሮ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ጣሪያ ነካ። ከትበርትሰን መጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ የተቀጠቀጠውን ሥጋ ጠረጠረ። ሲያሰላው ግን አልሆነም፤ የሚወጣው ከተጎዳው ቦታ ሊመጣ ከሚችለው እጅግ ይበልጥ ነበር። ቀጥሎ መተኛቱን ጠረጠረ። ጤነኛ ሰዎች አልጋ ላይ ሳይንቀሳቀሱ ሲቆዩም ናይትሮጅን ያጣሉ፤ ነገር ግን ያን ያህል አይደለም። በመጨረሻ ታካሚዎቹን ፕሮቲን የበዛበት ምግብ መገባቸው። ኪሳራው ቀነሰ እንጂ በከፋባቸው ቀናት ሙሉ በሙሉ አልቆመም።

ሁሉም በር ሲዘጋ አንድ መደምደሚያ ብቻ ቀረ። አንድ እግር ሲሰበር የሚፈርሰው የመላው አካል ጡንቻ ነው። ማገዶ ያለቀበት ቤተሰብ በብርድ ሌሊት የቤቱን ማገር እየነቀለ እንደሚያነድ ሁሉ ሰውነትም ቁስሉን ለመጠገን የቆመበትን ሥጋ ያፈርሳል። ከትበርትሰን ይህን በ1930 አሳተመ። አጥንት ፍለጋ ወጥቶ ጡንቻን አገኘ፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ የማደንቀው ያልጠየቀውን መልስ ሲያገኝ ወደ ጎን አለመግፋቱን ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ሃይራም ስታድሊ የተባለ ቀዶ ሐኪም የጨጓራ ቁስል ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ታካሚዎች መዝገብ አገላበጠ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከክብደታቸው ከ20 በመቶ በላይ ካጡት መካከል ሲሶው ሞተዋል። ያን ያህል ካላጡት መካከል የሞቱት 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስታድሊ ዕድሜን፣ የልብን ሁኔታና የቀዶ ሕክምናውን ዓይነት ሁሉ አይቶ ነበር፤ እንደ ክብደቱ የሚናገር አልተገኘም። ክብደት ማጣት ከዚያ በኋላ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑ ታወቀ። የቤኔዲክት እንቆቅልሽ ግን አሁንም አልተፈታም።

በ1960ዎቹ ጆርጅ ኬሂል የተባለ የቦስተን ሐኪም ያንኑ እንቆቅልሽ ከሌላ ጎኑ፣ ከሒሳብ ጎን ያዘው። አንጎል በቀን ከ100 ግራም በላይ ስኳር ያነዳል። በዚያን ጊዜ በነበረው እውቀት አንጎል ከስኳር ሌላ የሚያነደው ነገር አልነበረም። ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ደግሞ በአንድ ቀን ገደማ ያልቃል። ስብ ብዙ ቢሆንም ከጥቂት ክፋዩ በስተቀር ወደ ስኳር አይለወጥም። ለአንጎል ስኳር ሊሠራለት የሚችለው ፕሮቲን ብቻ ነው፤ ፕሮቲኑም ያለው በጡንቻ ነው። ከ100 ግራም ፕሮቲን የሚገኘው ስኳር ደግሞ 60 ግራም እንኳ አይሞላም።

ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ሲሠራ የሚጾም ሰው በየቀኑ ከግማሽ ኪሎ በላይ ጡንቻ ማፍረስ አለበት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚተነፍስበት ጡንቻ ሳይቀር ደክሞ መሞት ነበረበት። ሌቫንዚን ግን 31 ቀን ጾሞ በእግሩ ቆሟል። በዚያን ዘመን ከመጠን በላይ ለወፈሩ ሰዎች በሆስፒታል ውስጥ ለሳምንታት መጾም እንደ ሕክምና ይታዘዝ ስለነበር ከዚያም በላይ የጾሙ ነበሩ። ወይ ሒሳቡ ተሳስቷል፣ ወይ አንጎል የደበቀው ነገር አለ።

ኬሂል መጀመሪያ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞችን ለአንድ ሳምንት አጾመ። ኢንሱሊን ሲወርድ፣ ስብ ከማከማቻው ሲለቀቅ፣ በደም ውስጥ ኬቶን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ሲበዙ አየ። ኬቶን ጉበት ስብን ሲያቃጥል የሚያወጣው ነገር ነው። የስኳር ሕመም ሲበረታ በደም ውስጥ ስለሚከማች ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት እንደ መርዝና እንደ ቆሻሻ ቆጥረውት ነበር። ኬሂል ግን ጾመኞቹ ኬቶናቸው ከፍ ብሎም ጤነኛ መሆናቸውን አስተዋለ። አንድ ሳምንት ጥያቄውን አጠነከረው እንጂ አልፈታውም። ረዘም ያለ ጾም ያስፈልግ ነበር፤ ጤነኛ ቀጭን ሰው ደግሞ ለዚያ አይደፈርም።

ዕድል እዚህ ላይ ደረሰች። ክብደት ለመቀነስ ብለው ከአምስት እስከ ስድስት ሳምንት በሆስፒታል ሊጾሙ የተዘጋጁ ሦስት ወፍራም ታካሚዎች ተገኙ። በኬሂል ሥር ይመራመር የነበረው ወጣቱ ሐኪም ኦሊቨር ኦወንና ባልደረቦቹ አንድ ድፍረት የሚጠይቅ ሐሳብ ያዙ። ወደ አንጎል የሚገባውን ደም ከደም ቅዳ፣ ከአንጎል የሚወጣውን ደም ደግሞ አንገት ላይ ካለው ደም መልስ በቀጭን ቱቦ እየቀዱ ሁለቱን ማስተያየት። ሲገባ ኖሮ ሲወጣ የጎደለ ነገር ካለ አንጎል የበላው እሱን ነው።

ጾሙ በጀመረ በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ናሙናው ተቀዳ። ስኳሩ ጎድሏል፤ ነገር ግን የጎደለው ከአንጎል ፍላጎት አንድ ሦስተኛውን እንኳ አይሞላም። አንጎሉ ደግሞ ነቅቶ፣ እያሰበና እያወራ ነው። ታዲያ ሌላው ማገዶ የት አለ?

ኬቶኑ ነበር። ወደ አንጎል በብዛት ገብቶ ሲወጣ ቀንሷል። አንጎል ከሚያነደው ውስጥ 60 በመቶ ያህሉን የሸፈነው ያ መርዝ ሲባል የኖረው ንጥረ ነገር ነበር። ውጤቱ በ1967 ታተመ፤ የቤኔዲክት ሰንጠረዥም በመጨረሻ አንደበት አገኘ። አንጎል ስኳር መጠየቁን ሲቀንስ ጡንቻ ይተርፋል። የሌቫንዚን ናይትሮጅን ከ12 ግራም ወደ 7 የወረደው ለዚህ ነበር።

የተጠራጠረ ካለ ከአምስት ዓመት በኋላ ከሎስ አንጀለስ ሌላ ማስረጃ መጣለት። ኧርነስት ድሬኒክና ባልደረቦቹ ለሁለት ወር ለጾሙ ወፍራም ሰዎች ኢንሱሊን ሰጡ። የደም ስኳራቸው ማንንም ራሱን ሊያስት ወደሚችል ደረጃ፣ በአንዱ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር እስከ 9 ሚሊ ግራም ወረደ። ሰዎቹ አልተንቀጠቀጡም፣ ራሳቸውንም አልሳቱም። አንጎላቸው በኬቶን ይኖር ነበር።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል ታሪክ ይሆን ነበር። ግን በ31ኛው ቀን እንኳ ከሌቫንዚን 7 ግራም ናይትሮጅን ይወጣ ነበር። ቁጠባው ሙሉ አልነበረም፤ ጡንቻው በዝግታ መፍረሱን አላቆመም። ደግሞም ከትበርትሰን እንዳሳየው ቁስል ያለበት ሰው እንደ ጾመኛ አይቆጥብም። እንግዲህ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ መብላትም ያልቻለ ሰውስ?

ይህን ጥያቄ የያዘው ጆርጅ ብላክበርን በቦስተን ቀዶ ሐኪምም የሥነ ምግብ ተመራማሪም ነበር። ብላክበርን፣ ብሩስ ቢስትሪያንና ባልደረቦቻቸው በ1974 በአንድ የከተማ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል የተኙትን ሲመረምሩ ግማሽ ያህሉ የፕሮቲን እጥረት ነበረባቸው። ይህ የሆነው በሀብታም አገር፣ በሐኪም ዓይን ሥር፣ በንጹሕ አልጋ ላይ ነው። ከአጠገባቸው የተሰቀለው እኛም አገር ግሉኮስ ብለን የምንጠራው የስኳር ውሃ ነበር። ብላክበርን የኬሂልን ሥራ አንብቦ ስለነበር ከዚያ ግሉኮስ ላይ ዓይኑን ተከለ። ስኳር ኢንሱሊንን ከፍ ያደርጋል፤ ኢንሱሊን ደግሞ ስብን ይቆልፋል። ስቡ ከተቆለፈ የሚፈርሰው ጡንቻ ነው። እንግዲያው ስኳሩን ትቶ የፕሮቲን መሠረት የሆነውን አሚኖ አሲድ ብቻ ቢሰጣቸውስ?

ሞከረው፤ ናይትሮጅኑም ቀነሰ። ሐሳቡ ብዙ ሆስፒታሎችን አነቃቃ። በ1976 ግን የቶሮንቶ ተመራማሪዎች ከአሚኖ አሲዱ ጋር አንዳንዴ ስኳር፣ አንዳንዴ ስብ እየጨመሩ ፈተኑት። ጡንቻው ስኳር ኖረም አልኖረም ተረፈ። ብላክበርን ስለ ኢንሱሊን ያለው ማብራሪያ አልጸናም፤ ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ይበልጥ ጠራ፤ ጡንቻን ያተረፈው ፕሮቲኑ ራሱ ነበር። የተሳሳተ መንገድ ወደ ትክክለኛው ቤት አደረሰ። ከዚያም ብላክበርንና ቢስትሪያን ለወፍራም ሰዎች አዲስ ዓይነት የምግብ ሥርዓት አወጡ፤ ስብና ስኳርን እጅግ ቀንሶ፣ ለሰውየው ቁመት ከሚመጥነው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.5 ግራም ገደማ ጥሩ ፕሮቲን ከቀይ ሥጋ፣ ከዓሣና ከዶሮ እንዲያገኝ፣ ማዕድናትና ቫይታሚን እንዲጨመርለት፣ ሐኪምም እንዲከታተለው።

ሐሳቡ ከሆስፒታል ወደ ገበያ ወጣ። ጥፋቱም ያኔ መጣ።

በ1976 አንድ የአሜሪካ ሐኪም በፈሳሽ ፕሮቲን ብቻ ክብደት የሚቀንስ ሥርዓት በመጽሐፍ አስተዋወቀ፤ መጽሐፉም እጅግ ተሸጠ። የሚጠጣው ፈሳሽ የሚሠራው ከቆዳ፣ ከጅማትና ከመሳሰለው ተረፈ ሥጋ ከሚወጣ ኮላጅን ነበር። ስሙ ፕሮቲን ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ጡንቻ ለመሥራት የሚያስፈልጉት አሚኖ አሲዶች ሁሉ አልነበሩትም። ማዕድናቱም አብረውት አልነበሩም። ሰዎች ለወራት ሌላ ሳይቀምሱ እሱን ብቻ ጠጡ። ሚዛናቸው ላይ ኪሎው ወረደ፤ ደስ አላቸው።

ከ1977 ጀምሮ የሞት ዜና መሰማት ጀመረ። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት ወደ 60 የሚጠጉ ሞቶችን መረመሩ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ቀድሞ የልብ ሕመም ያልነበረባቸው ሴቶች ነበሩ። የልብ ምታቸው በድንገት ተዛብቶ ነበር የሞቱት። ልብም ጡንቻ ነው፤ ሰውነት ከየትም ሲያጣ ከልቡም ይቆርሳል። ስንት ኪሎ ወረደ የሚለው ቁጥር ኪሎው ከየት እንደወረደ እንደማይናገር በዚህ መጠን ሕይወት ተከፍሎበት ታወቀ። እነዚህን ሴቶች ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ያደረጉት ሁሉ የታዘዙትን መጠጣት ነበር።

አሁን ወደ 1966 እንመለስ። ኬሂልና ኦወን በቦስተን ጾመኞቻቸውን በሚከታተሉበት ጊዜ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ሌላ ነገር ያስተውል ነበር። በቁስል ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የተቆረጠላቸው ታካሚዎች በኋላ እንውፈር ቢሉም አይወፍሩም። የሌላው ሐኪም ችግር ለሜሰን መልስ ሆነለት። ቺካሺ ኢቶ ከተባለ ባልደረባው ጋር ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ጨጓራ ከፍሎ ትንሿን ክፍል በቀጥታ ከቀጭን አንጀት ጋር አገናኘ። ከዚያ በፊት የነበረው ልማድ የአንጀቱን አብዛኛውን ክፍል ማለፍ ነበር፤ ብዙዎች በዚያ ጉበታቸው ተጎድቶ፣ ፕሮቲን አጥተው ተሠቃይተዋል። የሜሰን መንገድ የተሻለ ሆነና እየተሻሻለ እስከ ዛሬ ደረሰ።

ቀዶ ሕክምናው ክብደትን ቀነሰ፤ የስኳር ሕመምን አሻሻለ፤ ዕድሜ ያስረዘመላቸውም ብዙ ናቸው። ሆኖም አዲሷ ጨጓራ መጀመሪያ ላይ የምትይዘው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የከትበርትሰን ቁስለኛም፣ የቤኔዲክት ጾመኛም ሆነ። ሁለቱ ታሪኮች በአንድ አካል ላይ ተገናኙ፤ ጥያቄውም አብሮ ተመለሰ፤ ይህ ሁሉ ኪሎ የሚወርደው ከየት ነው?

ሐኪሞች ሚዛኑን ትተው ስብና ጡንቻን ለይቶ በሚያሳይ መሣሪያ መለካት ጀመሩ። በ2022 የታተመ የብዙ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው ታካሚዎች በመጀመሪያው ዓመት ከስብ ውጭ ካለው ሥጋቸው በአማካይ 8 ኪሎ ያህል ያጣሉ፤ ከጠቅላላው ከሚቀንሱት ከአንድ አምስተኛ በላይ ማለት ነው። ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ቁጥሩን ያነበበ ሰው መፍትሔው ፕሮቲን መጨመር ነው ማለቱ አይቀርም። የፓሪስ ሐኪሞችም እንዲያ ብለው ፈተኑት።

በዣን ሚሼል ኦፔር የሚመራው ቡድን 76 ሴቶችን ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሦስት ከፈለ። አንዱ ክፍል የተለመደውን እንክብካቤ፣ ሁለተኛው ተጨማሪ የወተት ፕሮቲን፣ ሦስተኛው ፕሮቲኑንና የክብደት ማንሳት ልምምድ አገኘ። በስድስተኛው ወር ሲለካ ሁሉንም ያሳዘነ ውጤት ወጣ። የሥጋው መጠን በሦስቱም ክፍል እኩል ቀንሶ ነበር። ተጨማሪው ፕሮቲን ብቻውን አላዳነም፤ ልምምዱም መጠኑን አላስቀረም። ሙከራው ከሸፈ ሊባል ነበር።

ነገር ግን ጉልበታቸውንም ለክተው ነበር። ልምምድ የሠሩት ሴቶች ሥጋቸው እንደሌሎቹ ቀንሶም የእግራቸው ጉልበት ጨምሮ ተገኘ። ያነሰው ጡንቻ የበለጠ ይሠራ ነበር። ይህ በ2018 ታተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ ጡንቻው ውስጥ ገቡ። ከቀዶ ሕክምናው ሦስት ወር በኋላ ጀምረው ለስድስት ወር ልምምድ ከሠሩ ሴቶች ጭን ቁንጣሪ ሥጋ ወስደው በማጉያ መነጽር አዩ። ልምምድ ባልሠሩት የቀጠነው የጡንቻ ክር በሠሩት ላይ አገግሞ ወፍሮ ነበር፤ በክሮቹ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮችም በዝተዋል። በእኔ ፍርድ ከከትበርትሰን ወዲህ በዚህ መንገድ የተገኘው ትልቁ የምሥራች ይህ ነው። ጡንቻ የሚጠፋው ስላልበላ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ስላጣም ነው፤ ሥራ ሲሰጠው ደግሞ ይመለሳል።

የዛሬው የሐኪሞች መመሪያ ከዚህ ሁሉ የተቀዳ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቢያንስ በቀን 60 ግራም ፕሮቲን፣ እንደ ሰውየው ሁኔታም ለቁመቱ ከሚመጥነው ክብደት ለእያንዳንዱ ኪሎ እስከ 1.5 ግራም ይመከራል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ስለሚሰጥ 60 ግራም ለመድረስ 10 እንቁላል ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለትንሿ ጨጓራ ይህ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ከማዕዱ አስቀድሞ ፕሮቲኑን መብላት፣ የጎደለውንም በዱቄት ፕሮቲን መሙላት የሚመከረው። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በጾም ወራት ለሚተው አንባቢ ነገሩ ይከብዳል፤ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲን ቢኖራቸውም ጨጓራዋ የሚበቃውን ያህል ሳይገባ ትሞላለች።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምናውን ያደረጋችሁ ወይም ልታደርጉ ያሰባችሁ ሁሉ ከሆስፒታሉ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በቀን ስንት ግራም ፕሮቲን ልውሰድ? ክብደት ማንሳት ወይም ከወንበር እየተነሱ መቀመጥን የመሰለ ልምምድ መቼ ልጀምር? ስብና ጡንቻዬን ለይቶ የሚለካልኝ ማነው? የምትጾሙ ከሆናችሁ ጉዳዩን ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም አስቀድማችሁ ንገሩ። የምትበሉት ሁሉ ተደጋግሞ የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነርቭንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በተለይ ተጠንቀቁባቸው፤ ከሚጠፋው ሥጋ ከግማሽ በላይ የሚጠፋው ያኔ ነው።